ትንፋሽዎን ይያዙ

ቱቦ ማውጣት ከማስገባት ይቀላል የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ሲገባ ሐኪም አለ፣ ማደንዘዣ አለ፣ ሁሉም ልቡን ሰብስቦ ይቆማል። ሲወጣ ግን ሁሉም ቸኩሏል። ሕመምተኛው አገሩ መግባት አምሮታል፣ አስታማሚው ወለል ላይ መተኛት ሰልችቶታል፣ ሐኪሙን ሌላ ቀዶ ሕክምና ይጠብቀዋል፣ እኔም ብሆን ሆዴ ምሳ ምሳ ይለኛል። አደጋው ያለው እዚያ ጥድፊያ ውስጥ ነው። ነቀምቴ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ ሁሉ ዓመት ዛሬም ሳስበው ከመቀመጫዬ የሚያስነሳኝ አንድ ቀን ነው።

ሕመምተኛው መምህር ነበር፤ ቢላ ከምትባል ከተማ የመጣ፣ ለሕፃናት ሒሳብ የሚያስተምር፣ ቀጭን ረጅም ሰው። ሳምባው ዙሪያ መግል ተቋጥሮ ከርሞ፣ መግሉ እየጠጠረ ሄዶ ሳምባውን እንደ ቅርፊት ቀፍድዶት ነበር። ደረቱ ተከፍቶ ቅርፊቱ ተላጠለት። ከቀዶ ሕክምናው ሲወጣ በቀኝ ጎኑ ሁለት ቱቦ ነበረው። የቱቦዎቹ ጫፍ ወለል ላይ በተቀመጠ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ውሃ ውስጥ ይጠልቃል። ደረት ውስጥ የቀረው አየርና ፈሳሽ በዚያ ይወጣል፤ ውሃው ደግሞ የውጭው አየር ተመልሶ እንዳይገባ ይከለክላል። አየር በወጣ ቁጥር ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ቡልቅታው ሲቆም፣ ፈሳሹ ሲያንስ፣ ራጁ ላይ ሳምባው ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ሲታይ፣ ቱቦው ይወጣል። አንደኛው ያለ ችግር ወጥቶለት ነበር። የቀረው አንድ ነው።

ሐኪሙ ወጣት ቢሆንም ነገር የሚያጠብቅ ሰው ነው። «ይህ ሳምባ ለወራት ታፍኖ የኖረ ነው» ይለኝ ነበር። «አሁን ተነሥቷል። ተመልሶ ከወደቀ ግን ሁለተኛ መነሣቱን እንጃ።» ይህንኑ ለመምህሩም ነግሮታል። እናም ሦስታችንም የምንፈራውን በደንብ እናውቅ ነበር፤ ቱቦው በሚወጣባት ቅጽበት በቀዳዳው አየር እንዳይገባ ነው።

መምህሩ አንድ አመል ነበረው። ሰላምታ ሳያደርስ ሰው አያሳልፍም። ምግብ የምታድለውን፣ ወለል የምትወለውለውን፣ ሌላ አልጋ ሊጠይቅ የመጣውን ሁሉ «አካም ቡልተኒ» ይላል፤ እንዴት አደራችሁ ማለቱ ነው። በዚያ ቢበቃው ጥሩ ነበር። ልጆቹ ደህና ናቸው? ከብቱስ? በእናንተ በኩል ዝናቡ እንዴት ይዟል? ይቀጥላል። እኔ ጥድፍ ጥድፍ የምል ሰው ስለሆንኩ መርፌ ይዤ ቆሜ ይህን ሁሉ መስማት ያቃጥለኝ ነበር። «መምህር፣ ሳምባዎን በሰላምታ ጨረሱት እኮ» ስለው ጎኑን ደግፎ ይስቃል። ከልቤ ግን እወደው ነበር። በዚያ ክፍል ስድስት አልጋ ውስጥ «ሲስተር፣ አንቺስ እንዴት አደርሽ?» ብሎ መልሱን የሚጠብቅ እሱ ብቻ ነበር።

ቱቦው የሚወጣበት ቀን ጠዋት ገብቼ አለማመድኩት። አፉን ገጥሞ በረጅሙ አየር ይስባል፣ ከዚያ ይይዛል፣ ይዞም ወደ ታች ያምጣል፤ «በቃ» እስክለው አይተነፍስም። «ሰው ሲተነፍስ ደረቱ አየር ይስባል» አልኩት። «ቱቦው ሲወጣ ቀዳዳው ክፍት ስለሚሆን፣ በዚያች ሰዓት ከተነፈሱ በአፍዎ ብቻ ሳይሆን በጎንዎም ይስባሉ።» ነገሩ ገባው። መምህር አይደል፣ ለሚስቱ በኦሮምኛ ከእኔ አሳምሮ አስረዳት። ሦስት ጊዜ ሞከርነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ጥሩ ያዘ። ፊቱ እየቀላ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ «በቃ» እስክለው ይጠብቃል።

የቀረው በር ነው። ነቀምቴ ውስጥ ታሞ ብቻውን የሚተኛ ሰው የለም። ጠዋት ጠዋት ከቸርች በቡድን ሆነው ይመጣሉ፣ ይዘምራሉ፣ ይጸልያሉ። የትምህርት ቤት ባልደረባ ይመጣል። ከአንድ ቀበሌ የመጣ ዘመድ በመጣበት እግሩ ሌላውንም አልጋ ሁሉ ሳይጠይቅ አይወጣም። የክፍሉ በር ደግሞ ቁልፍ የለውም። ስለዚህ የመምህሩን ሚስት በሩ ላይ አቆምኳት። «ማንም እንዳይገባ» አልኳት። «ፓስተርም ቢሆን፣ ርእሰ መምህሩም ቢሆን።» ረጋ ያለች፣ ጠንካራ ሴት ነበረች። «ቶሌ» አለችኝ፣ እሺ ማለቷ ነው፤ ነጠላዋን አጣፍታ ሄዳ ቆመች። በዚህም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሥራው የሁለት ሰው ነው። ሐኪሙ ይስባል፣ እኔ እዘጋለሁ። በቀዳዳው ዙሪያ ቀዶ ሕክምናው ዕለት የተተወ ክር አለ፤ ቱቦው ሹልክ እንዳለ ክሩ ይሳባል፣ እስኪቋጠር ድረስ ቫዝሊን የጠገበ ጎዝ የሚባል ስስ ጨርቅ በላዩ ይጫናል። ጎዙን የምጭነው እኔ ነኝ። ወገቤን ስለሚያመኝ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ሐኪሙ ማሰሪያውን ክር ቆረጠ።

«መምህር፣ በረጅሙ ይሳቡ» አልኩ። ሳበ። «ይያዙ።» ያዘ። ሐኪሙ «አሁን» አለኝና ሳበው።

በዚያችው ሰከንድ በሩ ተከፈተ። ከዘራ የያዙ፣ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ገቡ፤ በሙሉ ድምፃቸው «አካም ቡልተኒ!» አሉ።

የሚስቱ አባት ናቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ኔትዎርክ ጠፍቶ ስልክ አልገባ ቢላቸው ጊዜ ጨንቋቸው፣ ማለዳ ከቢላ በሚነሣው ሚኒባስ ተሳፍረው መጡ። ሴትየዋ በሩ ላይ የቆመችው ሰው ሁሉ ልትመልስ ነው፤ ከሰው ሁሉ ልትመልሰው የማትችል አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። ጉልበታቸውን ስማ መንገድ ለቀቀች። በኋላ ስቆጣት «አባኮን፣ አባቴን፣ በየትኛው አፌ ልከልክል?» አለችኝ።

እዚህ አገር አማት ማለት ቀልድ አይደለም። በኦሮምኛ «ሶዳ» ይሉታል። ሶዳው ፊት ሰው ድምፁን አያነሣም፣ እግሩን አይዘረጋም፣ ጀርባውን አይሰጥም፤ ሶዳ ሰላም ሲል ዝም የሚል አማች ደግሞ አልተወለደም። መምህሩ የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀ። «ነጋ! አካም ቡልተኒ አባ!» ብሎ፣ ነጋ ሰላም ነው ማለት ነው፣ ቀና ሊል ሞከረ።

እሱ ይህን ቢያደርግ ያደገበት ነገር ነው፤ እኔን ምን አገኘኝ? እኔ እኮ ነርስ ነኝ። ግን የጎጃም ሰው ልጅ ነኝ፣ እዚሁ ነቀምቴ ባኬ ጃማ ሰፈር ያደግኩ። ቤታችን ሽማግሌ ሲገባ ልጅ ሁሉ «ኖር!» ብሎ ብድግ ይላል፤ ያልተነሣ ጆሮው ይቆነጠጣል። አባቴ በዚህ አይቀልዱም ነበር። ሽማግሌው በሩ ላይ ብቅ ሲሉ እኔም «ኖር!» ብዬ ከበርጩማዬ ግማሽ ተነሣሁ። ጭንቅላቴ ሳያዝዘው ጉልበቴ ተነሣ። ጎዙ ከቀዳዳው አንድ ጣት ያህል ፈቀቅ አለ። ሰው ትኩስ ሻይ ፉት ሲል የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። አጭር ናት፤ ግን አውቃታለሁ።

ወዲያው ጫንኩት። ሐኪሙ ክሩን ስቦ ቋጠረ፣ ፕላስተሩን ለጠፍኩ። እጄ ሲነሣ እሱ በሩን ዞሮ ያይ ስለነበር አላየኝም።

«አየር ገባ እንዴ?» አለኝ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ «አልገባም» አልኩ።

ለምን እንዳልኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ፈርቼ አይደለም፤ እሱ ሰው የሚያስፈራራ አይደለም። አፍሬ ነው። አዳዲሶቹን ነርሶች «እጅሽ ሥራሽ ላይ ይሁን!» እያልኩ የማንቀጠቅጥ እኔ ነኝ። በስድስት አልጋ ሰው ፊት «እጄ ተነሣ» ማለት አቃተኝ። ትንሽ አየር ናት፣ ሰውነቱ ራሱ መጥጦ ይጨርሳታል ብዬ ራሴን አባበልኩ። እውነትም አንዳንዴ እንደዚያ ይሆናል። አንዳንዴ።

ሐኪሙ «ስምንት ሰዓት ላይ ራጅ ይነሣ፣ እስከዚያ ትንፋሹን ተከታተይ» ብሎኝ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባ። ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር።

ከዚያ በኋላ ተረጋግቼ የቆምኩበት ቦታ ትዝ አይለኝም። የሌላውን አልጋ መድኃኒት እሰጥና ወደ እሱ እመለሳለሁ። ፋሻ ልቆጥር ዕቃ ክፍል እገባና ስንት እንደቆጠርኩ ሳላውቅ ወጥቼ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ትንፋሹን ቆጠርኩ፤ በደቂቃ ሃያ ሁለት። ጥሩ ነው አልኩ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ቆጠርኩ፤ ሃያ አራት። ሰው መጥቶበት ደስ ብሎት ነው አልኩ። ማዳመጫዬን በቀኝ ደረቱ ላይ ሳሳርፍ ከላይ በኩል ድምፁ ሳሳ ብሎ ተሰማኝ። የተቀደደ ደረት ሁልጊዜ ሳሳ ይላል አልኩ። ለእያንዳንዱ ነገር መልስ ነበረኝ። የኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። በሁለተኛው እጄን መያዣው ላይ አሳርፌ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ «ሲስተር፣ ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ። «መቀስ» አልኳት።

መምህሩን «እንዴት ነዎት?» ስለው «ፈያ» ይላል፤ ደህና ነኝ ማለቱ ነው። አምስት ጊዜ ጠየቅኩት፣ አምስት ጊዜ «ፈያ»። ሚስቱ ትራሱን ታስተካክላለች። ሽማግሌው ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል ይዘው ከጎኑ ተቀምጠው ያወሩለታል፤ ስለ በቆሎው፣ ስለታመመ በሬ፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ሠርግ። እኔ ጆሮዬ እዚያ ነው።

ነቃ ያደረገኝ ቁጥሩ አይደለም፣ ወሬው ነው። አምስት ሰዓት አለፍ ሲል ሽማግሌው ስለ በሬው ይነግሩታል። ያ ስለማያውቀው ሰው ከብት አብጠርጥሮ የሚጠይቅ ሰው ስለ ገዛ አማቱ በሬ «እ» ብሎ ዝም አለ። ሽማግሌው ጠበቁት። «ነጋ» አለ፣ ከዚያ ትንፋሽ ሳበ፣ ከዚያ ሌላ አንድ ቃል፣ ከዚያ ደግሞ ትንፋሽ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ልጃቸው መለስ አድርገው ቅር ባለው ድምፅ «አማቼን ምን አስቀየምኩት?» አሏት በኦሮምኛ። ኦሮምኛ ሰፈር ውስጥ የለመድኩት ቋንቋዬ ነው፤ ሁሉንም ሰማሁ። ጠጋ ብዬ ቆጠርኩ። ሠላሳ ሁለት። የጣቱ መለኪያ ኦክስጅኑ እየወረደ መሆኑን ያሳያል። የአፍንጫው ግራና ቀኝ ሲከፈት ሲዘጋ አየሁት።

ኦክስጅን ከፍቼለት ሮጥኩ። የኦፕራሲዮን ክፍሉን በር በትከሻዬ ገፋሁት። ሐኪሙ ጨርሶ ጓንቱን እያወለቀ ነበር።

«ዶክተር፣ መምህሩ አየር ገብቶበታል። ጠዋት ነው የገባው። እጄ ተነሥቶ ነው፤ ዋሸሁህ።»

በአንድ ትንፋሽ አልኩት። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ጓንቱን ባልዲ ውስጥ ጣለና «ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?» ብቻ ብሎ ከፊቴ ቀድሞኝ ሮጠ።

ራጁ ላይ የሳምባው ሲሶ የሚሆን ወድቋል። ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። ማደንዘዣ፣ ከፊተኛው ቀዳዳ ከፍ ያለ ሌላ ቦታ፣ አዲስ ቱቦ፣ አዲስ ጠርሙስ። የታፈነው አየር በቱቦው ሲወጣ ውሃው ቡልቅ ቡልቅ አለ። ሐኪሙ ራጁን ለብርሃን ከፍ አድርጎ አየው። «ይነሣ አይነሣ ነገ እናያለን» አለ። ሰውየው በዚያ ሁሉ ውስጥ «አመሰግናለሁ ዶክተር፣ አመሰግናለሁ ሲስተር» ይላል። አንጀቴን በላው።

ሽማግሌው ኮሪደሩ ላይ ጭንቅላታቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። «አኒ ማሊፍ ዱፌ» ይላሉ፤ ምነው ባልመጣሁ፣ ለምን መጣሁ። ሰው ሲያልፍም ሰላም አይሉም። ልጃቸው ልታጽናናቸው ሞከረች፤ እሷም «በሩን እኔ ከፍቼ» እያለች ታለቅሳለች። ማንም የእኔን ስም አላነሣም። አሥር ሰዓት ላይ ተረኛነቴ አለቀ። ጋዋኔን አወለቅኩ፣ ቦርሳዬን ያዝኩ፣ ባጃጅ ወደሚቆምበት ግማሽ መንገድ ሄድኩ። እግሬ አልሄድ አለኝ። ተመለስኩ።

ስገባ ሽማግሌውን ወደ ውስጥ አስገብተዋቸው በአልጋው ቀኝ በኩል ተቀምጠዋል። መምህሩ ወደ እሳቸው ዞሮ ተኝቷል፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቧል። ሚስቱ እግሩ ሥር ቆማለች። እኔም እሷ ጋ ቆምኩ። ሽማግሌው እንዲሰሙኝ በኦሮምኛ ጀመርኩ፤ አየር ያስገባው የእርስዎ መምጣት አይደለም፣ የልጅዎም በር መክፈት አይደለም፣ የእኔ እጅ ነው፣ ከዚያም ዋሸሁ አልኳቸው። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። «ኢንተላኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ትከሻቸው ወረድ ሲል አየሁት። ወደ መምህሩ ዞርኩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አውቃለሁ ሲስተር» አለኝ ቀስ ብሎ። «እጅሽ ሲነሣ ተሰምቶኛል።»

«ያውቁ ነበር?»

«ቀዝቃዛ ነገር ሲገባ ተሰማኝ።»

«ታዲያ ስጠይቅዎ ፈያ ፈያ የሚሉኝ ለምንድን ነው?»

አማቱን በዓይኑ አመለከተኝ። «ለሶዳኮ፣ ለአማቴ ብለሽ ነው የተነሣሽው። ለሶዳኮ የተነሣችን ሴት ምን ብዬ እከሳለሁ?»

ደሜ ፈላ። ከጠዋት ጀምሮ በራሴ ላይ የተጠራቀመው ሁሉ በእሱ ላይ ወጣ። እርስዎ የሚባለው ቀረ። «አንተ ሰውዬ፣ ልትሞት ነበር እኮ! ለጨዋነት ብለህ! ሚስትህና ልጆችህ ጨዋነትህን ይብሉት? ትንፋሽ ሲያጥርህ ተናገር! ማንም ይግባ፣ ማንም ይቀመጥ፣ አጠረኝ በል! ሰምተሃል?» የስድስቱ አልጋ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሚስቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እንደዚያ መጮኼ አሳፍሮኛል፤ ግን ብመለስበትም ያንኑ እጮኻለሁ።

እሱ አማቱን አየ። ከዚያ እኔን አየ። ልመና በሚመስል ድምፅ «እንግዲያው ሲስተር» አለ፤ «አሁንም ያጥረኛል።»

ጠርሙሱን አየሁት። ውሃው ቀጥ ብሏል። ቡልቅ አይልም፤ ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅም አይልም። ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። ቱቦው ከጎኑ ሥር ታጥፎ በሰውነቱ ክብደት ተጨፍልቋል። አማቱ በቀኝ በኩል ስለተቀመጡ፣ ጀርባውን ላለመስጠት በታመመው ቀኝ ጎኑ፣ በቱቦው ላይ ተኝቷል።

ከወገቡ ያዝኩት፤ ሚስቱ ትከሻውን ደገፈች። በጀርባው አስተኝተን ቱቦውን ከሥሩ አውጥቼ አቃናሁት። ውሃው መጀመሪያ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ተከታትሎ ቡልቅ ቡልቅ አለ። መምህሩ ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ተነፈሰ። ሳምባው በማግስቱ ራጅ ላይ ወደ ላይ መግፋት ጀምሮ ነበር፤ ሳምንት ቆይቶም ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ አገሩ ገባ። ያን ዕለት ግን ይህን ማናችንም አላወቅንም።

«ስንት ሰዓት እንደዚህ ተኛህ?» አልኩት።

«አባ ከተቀመጡ ጀምሮ» አለ።

ያለው በአማርኛ ነው፤ ሽማግሌው አማርኛቸው እስከዚህም ነው። ማንም አልተረጎመላቸውም። ቱቦውን አዩ፣ የተቀመጡበትን አዩ። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ፣ ወንበራቸውን አነሡና በአልጋው እግርጌ ዞረው በግራ በኩል አስቀምጠው ተቀመጡ።